ልጅን በትዕግሥት የተመለከተች ሐኪም፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ (1870-1952)

በከተማችን በአንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ሞንቴሶሪ የሚል ስም ተጽፎ ይታያል። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው ከዚያ ነው። አንዳንዱ የአገር ስም ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠየቅበት የትምህርት ዓይነት እንጂ የሰው ስም መሆኑን አይጠረጥርም። ሞንቴሶሪ ግን ሴት ናት፤ ሐኪም፣ ተመራማሪ፣ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ እናትም ነበረች። የሕፃናትና የወጣቶች አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ ከሌላ ሰው ጋር መኖርንስ እንዴት እንደሚማሩ ሃምሳ ዓመት ያህል መረመረች። በልደታ ማርያም ሕፃናትን የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና እናንተ ወላጆች ሕይወቷን ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብለን ስላመንን፣ ደግሞም ታሪኳ ከአገራችን ታሪክ ጋር ባልተጠበቀ ቦታ ስለሚገናኝ፣ በዚህ እትም ልናቀርበው ወደድን። የዓመታቱ አቆጣጠር ሌላ ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 በኢጣልያ አገር፣ በአንኮና አጠገብ በምትገኝ ኪያራቫሌ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ አሌሳንድሮ የመንግሥት ገንዘብ መሥሪያ ቤት ሹም፣ እናቷ ሬኒልዴ መጽሐፍ የምትወድ ሴት ነበሩ። ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ሮማ ተዛወረ። ማሪያ ሒሳብ ትወድ ነበርና በ13 ዓመቷ ወንዶች ወደሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች፤ መሐንዲስ ልትሆንም አሰበች። በኋላ ሐሳቧን ወደ ሕክምና መለሰችና በ1890 ወደ ሮማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ቀጥሎም ሕክምና ተማረች። ሴት ከወንዶች ጋር ሆና በአስከሬን ላይ መሥራቷ ነውር ይባል ስለነበር፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ በምሽት ብቻዋን እንድትሠራ ተደረገ። ይህን ሁሉ ታግሣ በጁላይ 1896 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀች፤ በኢጣልያ ይህን ማዕረግ ካገኙት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆነች።

1896 ለእኛም የሚረሳ ዓመት አይደለም። የዓድዋ ድል የተገኘው በዚያው ዓመት በማርች መባቻ ነው፤ ዜናው ሮማ ሲደርስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ የክሪስፒም መንግሥት ወደቀ። ማሪያ በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። በዚሁ ዓመት በስዊዘርላንድ ዣን ፒያዤ፣ በሩስያ ግዛት ደግሞ ሌቭ ቪጎትስኪ ተወለዱ፤ ሁለቱም በኋላ የልጅን አእምሮ እድገት በመመርመር የታወቁ ሊቃውንት ሆነዋል።

ማሪያ ከምረቃዋ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሠራ ወደ ሮማ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያዎች ትመላለስ ነበር። በዚያም አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው የተባሉ ሕፃናት ባዶ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው አገኘች። ጠባቂዋ ሴት ልጆቹ ምግባቸውን ከጨረሱ በኋላ ወለል ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ ሲለቅሙ እያየች፣ ስግብግብነት ነው ብላ ትጸየፋቸው ነበር። ማሪያ ግን ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘች። በእጅ የሚያዝ፣ የሚዳሰስ፣ የሚገላበጥ አንዳች ነገር የለም። ልጆቹ የራባቸው ምግብ ሳይሆን እጃቸውንና አእምሯቸውን የሚያሠራ ነገር መሆኑ ገባት። የሕይወቷ ሥራ ሁሉ ከዚያ ፍርፋሪ ጀመረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ከእርሷ በፊት እንዲህ ያሉትን ልጆች ያስተማሩትን የፈረንሳይ ሐኪሞች፣ የኢታርንና የሴገንን ጽሑፎች ፈልጋ አነበበች፤ የሴገንን ትልቅ መጽሐፍም በገዛ እጇ ወደ ኢጣልያንኛ ገለበጠችው። በ1900 በሮማ ለእነዚህ ልጆች መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ጁሴፔ ሞንቴሳኖ ጋር መራችው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ተምረው፣ ከጤነኞቹ ልጆች ጋር የመንግሥት ፈተና ተቀምጠው አለፉ። ሰው ሁሉ በዚህ ሲደነቅ እርሷን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር፤ ጤነኞቹ ልጆች ምን ቢደረጉ ነው ከእነዚህ እኩል የሆኑት ብላ ጠየቀች።

በዚህ ወቅት በሕይወቷ ውስጥ ስለ ሆነው ነገር ዝም ብለን ልናልፍ አንወድም። ማርች 31 ቀን 1898 ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቱ ሞንቴሳኖ ነበር፤ አልተጋቡም። በዚያ ዘመን ያለ ጋብቻ የወለደች ሴት ሐኪም ሥራዋንም ስሟንም ታጣ ነበርና ሕፃኑ በምስጢር ለገጠር ቤተሰብ በማደጎነት ተሰጠ። ሞንቴሳኖ በ1901 ሌላ ሴት አገባ። ማሪያም ትምህርት ቤቱን ትታ ወጣች፤ እንደ ገና ተማሪ ሆና ፍልስፍናና ሥነ ልቡና ወደ ማጥናት ተመለሰች። ልጇን ለመጠየቅ ወደ ገጠር ትሄድ ነበር፤ እርሱ ግን እናቱ መሆኗን ሳይነገረው አደገ። በዓለም ሁሉ ያሉ እናቶች ልጃቸውን እንዲመለከቱ ያስተማረች ሴት የገዛ ልጇን ሲያድግ ለማየት አልታደለችም። እኛ ልንፈርድባት አልተነሣንም፤ ይሁንና ይህን ቁስል ሳያውቅ ሥራዋን የሚያነብ ሰው የድካሟን ግማሽ ብቻ የሚያይ ይመስለናል።

ጃንዩዌሪ 6 ቀን 1907፣ ማለት በእኛ የገና ዋዜማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮማ ድሃ ሰፈር የመጀመሪያው የሕፃናት ቤት ተከፈተ። ሰፈሩን ያደሰው ኩባንያ ወላጆቻቸው ለሥራ የሚውሉባቸው ልጆች ደረጃውንና ግድግዳውን እያበላሹ ስላስቸገሩት ባንድ ክፍል ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዓላማው ከዚህ አያልፍም። ማሪያ ኃላፊነቱን ተቀበለች። ልጆቹ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሚደርስ፣ ቁጥራቸው ሃምሳ ያህል ነበር፤ ብዙዎቹ የሚፈሩና የሚያለቅሱ ነበሩ። በመምህርትነትም በሙያው ያልሠለጠነች አንዲት የሰፈር ሴት ተቀጠረች። ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ሆነ፤ ሴቲቱ ልጆችን በድሮው ልማድ ለመቅጣት ስላልተማረች የታዘዘችውን ብቻ ታደርግ ነበር። ማሪያም እየመጣች ተቀምጣ ታያለች።

ምን አየች? አንዲት የሦስት ዓመት ያህል ልጅ ውፍረታቸው የተለያየ የእንጨት መሰኪያዎችን በየቀዳዳቸው ትሰካለች፤ ጨርሳ ታወጣቸዋለች፤ ደግማ ትሰካለች። ማሪያ መቁጠር ጀመረች። ሌሎቹ ልጆች ዙሪያዋን እንዲዘምሩ አደረገች፤ ልጅቷ ቀና አላለችም። ከነወንበሯ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት፤ ልጅቷ መሰኪያዎቹን እቅፏ ውስጥ ይዛ ሥራዋን ቀጠለች። ከአርባ ጊዜ በላይ ከደጋገመች በኋላ ማንም ሳያዝዛት አቆመች፤ ከደስ የሚል እንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ዙሪያዋን ተመለከተች። እስከዚያ ድረስ ሊቃውንቱ የትንሽ ልጅ ሐሳብ ከአንድ ነገር ላይ አይረጋም ይሉ ነበር። ያቺ ልጅ ይህን አባባል ሐሰት አደረገችው።

በሌላ ቀን መምህርቷ ዘግይታ ስትመጣ ልጆቹ ቁም ሣጥኑን ከፍተው የየራሳቸውን ሥራ መርጠው በጸጥታ ሲሠሩ አገኘቻቸው። ሴቲቱ እንደ ሌብነት ቆጠረችው። ማሪያ ግን ልጆቹ ዕቃውን ለይተው ስላወቁት መምረጥም ይችላሉ ማለት ነው ብላ፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ እጁ በሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አደረገች። ሀብታሞች ያበረከቷቸውን ውድ አሻንጉሊቶች ልጆቹ ዞር ብለው አላዩአቸውም። አንድ ቀን ደግሞ አፍንጫን በመሐረብ በጸጥታ መጥረግ እንዴት እንደሚቻል ብታሳያቸው በጭብጨባ ተቀበሏት። ስለ አፍንጫቸው ሁልጊዜ ይሰደባሉ እንጂ ከዚያ በፊት ማንም በክብር አስተምሯቸው አያውቅም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ዝናዋን ያወጣው የጽሕፈት ነገር ነው። ፊደላቱን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ በሰሌዳ ላይ ለጠፈች፤ ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ ድምፁን ይሉ ነበር። ጥቂት ወራት እንዳለፈ አንድ ልጅ በጠመኔ የጭስ መውጫ ሥዕል ከሣለ በኋላ ድንገት ቃል ጻፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ወለሉና ግድግዳው ሁሉ ጽሑፍ ሆነ። ንባቡ ከጽሕፈቱ በኋላ መጣ። የእኛም አባቶች ፊደል ሲያስቆጥሩ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነካ በዜማ እንዲጠራው ያደርጉ እንደ ነበር አንባቢው ያስታውሳል፤ ዓይን፣ ጆሮና እጅ ባንድነት ሲሠሩ ነገሩ እንደሚጸና እነርሱም ያውቁ ነበር ማለት ነው። በሳን ሎሬንዞ ግን ኩርኩም አልነበረም።

የሥራዋን ውጤት የያዘው የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1909 ታተመ። መጽሐፉን እንድትጽፍ ያበረታቷትና ቤታቸውን የከፈቱላት ባሮን ሌኦፖልዶ ፍራንኬቲና ባለቤቱ አሊስ ነበሩ፤ መታሰቢያነቱንም ለእነርሱ ሰጠች። ይህ ፍራንኬቲ ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የኢጣልያን ገበሬዎች በኤርትራ ደጋ ለማስፈር የተላከው የሥራው ኃላፊ እርሱ ነበር። ለሰፋሪዎቹ የሚሆነው መሬት ከአገሬው እጅ ተነጠቀ፤ በዲሴምበር 1894 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ካመፁባቸው ዋና ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነጠቃ ነው። ባሕታ ሐጎስ ካቶሊካዊ ነበሩ፤ በዚያው ወር በሐላይ ተዋግተው ወደቁ። ማሪያ በዚህ ጉዳይ እጅ አልነበራትም። ነገር ግን በአካለ ጉዛይ የገበሬ ልጆችን መሬት ያሳጣ ሰው በሮማ የድሃ ልጆችን ትምህርት መደገፉን ስናነብ መጽሐፉን ለጊዜው ከድነን ማሰባችን አልቀረም።

ማሪያ በየጊዜው ከመረመረችው ያወጣችው ዋና ሐሳብ የልጅ እድገት እንደ ቁልቁለት ውኃ ባንድ ፍጥነት የሚሄድ አይደለም የሚል ነው። ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ልጅ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሳይደክም ወደ ውስጡ ይወስዳል። በአዲስ አበባ በቤቱ አማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ የሚሰማ ሕፃን ያለ ሰዋስው ትምህርት ሁለቱንም ሲናገር እናያለን፤ አዋቂ ሰው ግን ዓመታት ደክሞ እንኳ አነጋገሩ አይቀናለትም። በዚህ ዕድሜ ልጁ ሥርዓትን ይወዳል፤ ዕቃ ከቦታው ሲነሣ የሚያለቅሰው ስለ ባለገ አይደለም።

ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ሌላ ፍጥረት ነው ትላለች። ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ብቻውን መሥራቱን ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ያበጃል፣ አለቃ ይመርጣል፣ ሕግ ያወጣል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ላይ ጥቂት እንድትቆዩ እንለምናለን። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ወደ መምህሩ መጥቶ እገሌ እንዲህ አደረገ ሲል እኛ ነገረኛ፣ አሳባቂ እንለዋለን። ሞንቴሶሪ እንደ ተመለከተችው ግን ልጁ ብዙውን ጊዜ ጓደኛው እንዲቀጣ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ነገሩ ክፉ ነው ወይስ ደግ ብሎ ለማወቅ ነው። ኅሊናው እየነቃ ነውና ፍርድን ይለማመዳል። ሂድ ወደ ቦታህ ተብሎ ሲባረር ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 ልጆች የማመዛዘን ዕድሜ ሲደርሱ፣ ማለት በሰባት ዓመት ገደማ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርቡ ማዘዛቸውን ከዚህ ጋር ብናስተያየው፣ ሐኪሟና ጳጳሱ በየበኩላቸው ወደ አንድ ዕድሜ እንዳመለከቱ እንረዳለን።

ስለ ጉርምስና የጻፈችው ደግሞ በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ልጅ እንደ ገና እንደሚወለድ ሕፃን ነው፤ በፊት ወደ ቤተሰብ ተወለደ፣ አሁን ወደ ማኅበረሰብ ይወለዳል። አካሉ ይደክማል፣ ልቡ በቀላሉ ይቆስላል፣ ትናንት የቻለውን ትምህርት ዛሬ የሚያቅተው ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ መጽሐፍና ፈተና ከማብዛት ይልቅ በገጠር፣ በእርሻ ቦታ፣ የእጁን ፍሬ የሚሸጥበትና የሚቆጥርበት እውነተኛ ሥራ እንዲሰጠው አሳሰበች። አካለ መጠን ሳይደርሱ ለቤተሰብ ገቢ የሚሠሩ ልጆች በሞሉባት አገራችን ይህ ምክር በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ እርሷ ያሰበችው ክብርን የሚሰጥ ሥራ እንጂ ጉልበት መበዝበዝን አልነበረም።

በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ምን አሉ? ፒያዤ የስዊዘርላንድን የሞንቴሶሪ ማኅበር በሊቀ መንበርነት መርቷል፤ የወጣቶችን ማንነት የመረመረው ኤሪክ ኤሪክሰንም በሞንቴሶሪ መምህርነት ሠልጥኖ ነበር። ቪጎትስኪ የልጆቹን ቀድሞ መጻፍ ቢያደንቅም፣ ጽሕፈት የእጅ ልምምድ ብቻ እንዳይሆንና ልጁ በሕይወቱ የሚያስፈልገውን ነገር እንዲጽፍበት አስጠንቅቋል፤ ልጅ ከሌላ ሰው ጋር በመነጋገር እንደሚያስብም ከእርሷ ይልቅ አበክሮ አስተምሯል። በ2006 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የተደረገ ጥናት በዕጣ ወደ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡትን ልጆች ዕጣው ካልወጣላቸው ጋር አመዛዘነ። የአምስት ዓመቶቹ በንባብና በሒሳብ፣ ራስን በመግዛትና የሌላውን ሰው ሐሳብ በመረዳት በልጠው ተገኙ። ስለ ተረት ያላት አመለካከት ግን ሁሉን አላስማማም፤ ለትንንሽ ልጆች እውነተኛውን ነገር እንጂ ልብ ወለዱን መስጠት አትወድም ነበር። ከምድጃ ዳር ከአያት የሰማነው የጦጣና የቀበሮ ተረት ጎዳን ብለን ግን እኛ አናምንም።

ከ1915 ጀምሮ በባርሴሎና ስትሠራ የሃይማኖት ትምህርትን በዚሁ መንገድ ለማቅረብ ሞከረች። ለሕፃናቱ በቁመታቸው ልክ የተሠራ ቦታ አዘጋጀች፤ የቅዳሴውን ንዋያት ስምና ጥቅም እየነኩ ተማሩ። ከዚህም አልፈው ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ቦታ ስንዴ ዘሩ፣ ወይን ተከሉ፤ ስንዴው ታጭዶ ለመሥዋዕቱ ኅብስት ሆነ። በ1932 ቅዳሴን ለልጆች የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመች። ከካቶሊካውያን ሊቃውንት መካከል የልጅን በጎነት አብዝታ የአዳምን ኃጢአት ረሳች ብለው የነቀፏት ነበሩ፤ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ይሁንና በ1954 ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ በሮማ የጀመሩት፣ መልካሙ እረኛ በሚል ስም ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ከባርሴሎናው ሥራ የበቀለ ነው።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወደሚከብደው ምዕራፍ ደርሰናል። ከ1924 ጀምሮ ሙሶሊኒ ትምህርት ቤቶቿን ደገፈ፤ እርሷም ድጋፉን ተቀበለች። ትምህርት ቤቶቹ እንዲበዙ ትመኝ ነበርና ከማን እጅ እንደምትቀበል አልመረጠችም። ሙሶሊኒ የፈለገው ግን ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ትንሽ ጠመንጃ ይዞ የሚሰለፍ ልጅ ነበር። ራሱ መርጦ የሚሠራ ልጅና በትእዛዝ የሚሰለፍ ልጅ ባንድ ቤት አያድጉም። በ1934 ተለያዩ፤ ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ፣ እርሷም አገሯን ለቀቀች። የናዚ መንግሥትም በጀርመን ያሉትን ዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ። አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ ቀድማ ብትለይ ኖሮ ብለን መመኘታችንን አንሸሽግም። በ1932 በጄኔቭ ስለ ሰላምና ስለ ትምህርት ተናግራ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። በዚያው ክረምት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ማሪያን ከባርሴሎና በእንግሊዝ መርከብ አስወጣት፤ መጠጊያዋ ሆላንድ ሆነ።

በ1939፣ በ69 ዓመቷ፣ ከማሪዮ ጋር ወደ ሕንድ ሄደች። ማሪዮ እናቷ ከሞተች በኋላ፣ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ወደ እርሷ መጥቶ አብሯት ይኖር ነበር፤ ለሰው ግን የወንድም ወይም የማደጎ ልጅ ይባላል። ጁን 10 ቀን 1940 ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ያ ቀን ለስደተኞቹ አርበኞቻችን ወደ አገር የመመለሻ በር ሲከፍት፣ በሕንድ የነበሩትን ኢጣልያውያን የጠላት አገር ሰዎች አደረጋቸው። እንግሊዞች ማሪዮን አሰሩት፤ እርሷም ከምትኖርበት ግቢ እንዳትወጣ ተከለከለች። ሰባኛ ዓመቷን በያዘችበት ቀን ግን የሕንድ እንደራሴ ለልደቷ ከሁሉ የሚሻለው ስጦታ ልጇ መሆኑን በቴሌግራም ገልጾ ማሪዮን ፈታላት። በአደባባይ ልጇ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ ማሪዮም 42 ዓመት ሆኖት ነበር። በሕንድ እስከ 1946 ቆይተው ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን አሠለጠኑ።

ከጦርነቱ በኋላ ሦስት ጊዜ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጨች፤ አልተሰጣትም። ሜይ 6 ቀን 1952፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ የልደታ ማርያም በዓል ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በሆላንድ ባሕር ዳር በኖርድዋይክ በ81 ዓመቷ አረፈች። በዚያን ቀን መምህራን ለማሠልጠን ወደ አፍሪካ ስለ መሄድ ከማሪዮ ጋር ትነጋገር ነበር ይባላል፤ እርሱ ጤናዋ አይፈቅድም ቢላት እርሷ ለመሄድ ቆርጣ ነበር። በዚያው በኖርድዋይክ በካቶሊካውያን መካነ መቃብር ተቀበረች። በኑዛዜዋም ማሪዮ ልጇ መሆኑን አስፍራ ወራሿ አደረገችው።